የሲንሃላ አያቶችን ዘፈን በስልክ እንዴት እንቅዳ (መጀመሪያ እጃቸውን ስራ ስጡት)

ቤይሩት ስሰራ ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ምትሰራ የስሪላንካ ልጅ ነበረች፣ ሲንሃላ ናት (የአገሩ ብዙሃኑ ህዝብ ነው፣ ቋንቋቸውም እንደዛው ይባላል)፣ ከኩሩኔጋላ አካባቢ ነው የመጣችው፣ እሁድ እረፍት ስናገኝ አንድ ላይ ነበር ምናበስለው። ሽንኩርት ስትከትፍ ሁሌ አንድ ነገር ታንጎራጉራለች፣ ዝቅ ያለ፣ ሶስት አራት ድምፅ ላይ ብቻ ሚመላለስ፣ መጨረሻው ላይ ሳብ አርጋ ትለቀዋለች። አንድ ቀን ስልኬን አውጥቼ "እስኪ ድገሚው ልቅዳሽ" አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ጠፋባት። አንድ መስመር እንኳን አልመጣላትም። ስቀን ተውነው። ወደ ሽንኩርቷ ተመልሳ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ራሱ መጣ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ያ ዘፈን ቆሞ ለሚዘፍን ሰው የተሰራ አደለም። እናቷ ሩዝ ማሳ ውስጥ አጎንብሰው ሲያርሙ ሚሉት ነው፣ እሳቸውም ከእናታቸው ጎን ሲያርሙ ነው የያዙት፣ ስለዚህ እጅ ሲሰራ ይመጣል እጅ ሲያቆም ያቆማል። ሁለታችንም ከሊባኖስ ከወጣን በኋላ አገሯ ድረስ ሄጄ እናቷ ቤት ሶስት ሳምንት ተቀመጥኩና ምችለውን ያህል ቀዳሁ፣ ብዙውን አበላሸሁት፣ ያልተበላሸው እንዴት እንዳልተበላሸ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ለምን በአማርኛ ትፅፊዋለሽ ለምትሉ፣ ቤይሩት ኩዌት ዱባይ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከስሪላንካ ልጆች ጋር ያልሰራ ያልበላ የለም። ሊባኖስ ውስጥ እኮ እኛንም ጠቅልለው "ሲሪላንኪየ" ነበር ሚሉን፣ የአገር ስም የቤት ሰራተኛ ማለት ሆኖ ቀርቶ። የነዚህ ልጆች እናቶች አሁን አርጅተዋል፣ ልጆቹ ደግሞ ይሄ ዘፈን ሚለመድበትን እድሜ የሰው ቤት ሲያፀዱ ነው የጨረሱት። ጓደኛችሁ አገር ቤት አንድ ስልክ የያዘ ሰው ካላት ይሄ ነገር ይሰራል፣ እናንተ መሄድ እንኳን ላያስፈልጋችሁ ይችላል፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

እነሱ "ጃና ጊ" ነው ሚሉት፣ የህዝብ ዜማ እንደማለት፣ ግጥሙን ለብቻው ሲጠሩት "ጃና ካቪ" ነው። የኔ ትልቁ ስህተት መጀመሪያ ቀን "ሲንዱ" ብዬ መጠየቄ ነው። ሲንዱ ማለት ዘፈን ማለት ነው ትክክል ነው፣ ግን አንድ አሮጊት ሲንዱ በዪኝ ስትባል በልጅነቷ ሬድዮ ላይ የሰማችውን ነው ምታወጣው፣ ቆንጆ አርጋ ትዘፍናለች ግን እናንተ የመጣችሁበት አደለም። "ካቪ" በሏቸው። ካቪ ደግሞ በነሱ ቋንቋ ይባላል እንጂ ይዘፈናል ብለው አያስቡትም፣ እኛ ፉከራ "አለ" ሽለላ "አለ" እንደምንለው ማለት ነው፣ "ዘፈን አላውቅም" ያሉ እናት ካቪ ሲባሉ ሀያ ቤት ሊሉላችሁ ይችላሉ።

ከዛ በላይ ሚሰራው ግን ስራውን መጠየቅ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ስሙን ያገኘው ከስራው ነው። ሴቶች የሩዝ ችግኝ ሲተክሉና ሲያርሙ ሚሉት "ኔሉም ጊ" ነው። አጨዳ ላይ "ጎያም ካቪ"። አውድማ ላይ "ካማት ካቪ"፣ ልክ እንደኛ በከብት እያበራዩ ማለት ነው፣ እንደውም አውድማው ላይ የተለየ ቋንቋ ነበራቸው፣ ተራ ቃላቶችን ትተው ለእህሉም ለከብቱም ሌላ ስም ነው ሚጠሩት፣ ክፉ መንፈስ ሰምቶ በረከቱን እንዳይወስድ ብለው። በጀልባ ጭነት ሚያመላልሱት "ፓሩ ካቪ" አላቸው። እርሳስ ውስጥ ያለውን ጥቁሩን ማእድን ከመሬት ስር ሚያወጡት ደግሞ "ፓታል ካቪ" አላቸው። ልጅ ማስተኛው "ዳሩ ናላቪሊ" ነው፣ እኛ እሹሩሩ እንደምንለው እነሱ "ዶዪ ዶዪ" ነው ሚሉት። ለዥዋዥዌ ሳይቀር የራሱ አለው፣ "ኦንቺሊ ቫራም"።

ሁለቱን ትንሽ ላስፋቸው ምክንያቱም ነገሩ ምን ያረግ እንደነበር ሚገባው እዚ ላይ ነው። አንዱ "ፓል ካቪ" ሚሉት ነው። ጫካ መንጥረው ዳጉሳ ሚዘሩበት እርሻ አለ (አዎ ዳጉሳ፣ እነሱ ኩራካን ይሉታል፣ ጥንት ከምስራቅ አፍሪካ ደጋ የሄደ እህል ነው፣ ገንፎ መሳይ ነገር ይሰሩበታል፣ አችቺ ቤት ስበላው አፌ አወቀው፣ አችቺ ምላቸው የጓደኛዬን እናት ነው፣ አያት ማለት ነው)። ማታ ማታ የዱር አሳማና ዝሆን እንዳይገባ ወንዱ ማማ ላይ ብቻውን ያድራል። እንቅልፍ እንዳይወስደው፣ እንስሳውም የሰው ድምፅ ሰምቶ እንዲርቅ፣ ፍርሃቱም እንዲለቀው እያለ ያነጋል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ማማ ላይ ያለው ጎረቤቱ ሲሰማው ደግሞ ይመልስለታል። ጨለማ ውስጥ ማይተያዩ ሁለት ሰዎች "አለሁ" "እኔም አለሁ" ሲባባሉ ነው ባጭሩ። ዜማው ተስቦ ተስቦ ሚሄደው ለዛ ነው፣ ሩቅ እንዲሰማ፣ ምት ምናምን የለውም። ይሄን ሳሎን ውስጥ አስቀምጣችሁ ስትቀዱት ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አርገው ስለሚሉት ሌላ ነገር ይሆናል። እኔ የቀዳኋቸው የጎረቤት ሽማግሌ ነበሩ፣ ማታ ግቢ ድረስ ወጥተን እኔ ከማሳው ማዶ ቆሜ ነው ያስባልኳቸው፣ ለማን እንደሚጣሩ ሲያውቁ ድምፁ በቃ ሌላ ሰው ሆነ።

ሁለተኛው "ካራታ ካቪ" የበሬ ጋሪ ነጂዎች ነው። ወደ ደጋው ወደ ሃፑታሌ ምናምን ጭነት ይዘው በሌሊት ሽቅብ ሲወጡ በሬዎቻቸውን እያናገሩ ሚሉት፣ በጣም ሚታወቀው ላይ ነጂው በሬዎቹን "እናንተ ሀጢአተኞች ጎትቱ" ይላቸዋል፣ ባለፈው ህይወታችሁ ሀጢአት ሰርታችሁ ነው በሬ ሆናችሁ የተፈጠራችሁት ማለቱ ነው፣ ግን እሱም እኩል ሆዱ እየነደደ ነው ዳገቱን ሚወጣው። ከደጋው ሲወርዱ መጀመሪያ ሚጭኑት ቡና ነበር እኮ፣ ስሪላንካ ከሻይ በፊት የቡና አገር ነበረች፣ ከ1869 ጀምሮ የቅጠል በሽታ ገብቶ ነው ያጠፋው። ባቡር ካንዲ በ1867 ገባ፣ ባዱላ ደግሞ በ1924፣ ጋሪውም ከነነጂው ከመንገድ ወጣ። ዘፈኑን ማንም አልከለከለውም፣ ስራው ነው የሄደው። አረሙም እንደዛው ነው፣ ፀረ አረም ሚረጭ ሰው አይዘፍንም፣ ሩዙን በእጅ መትከል ትቶ እየበተነ ሚዘራ ሰው ጋም ተሰልፎ ሚያጎነብስ የለም፣ ኮምባይነር አውድማ አያስፈልገውም።

ሰልፉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። "አታም" ሚሉት አለ፣ ዛሬ እኔ ያንተ ማሳ ላይ ነገ አንተ እኔ ጋ፣ የኛ ወንፈል ቁርጥ። ሴቶቹ ተሰልፈው አንዷ ታወጣለች ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ዘፈኑ የሁሉንም እጅ እኩል ያስኬዳል፣ ፀሐዩንም ያስረሳል፣ አማቷ ያስቸገረቻት ደግሞ በግጥሙ መሀል ጣል ታረጋታለች። ፊት ለፊት ብትናገረው ጠብ ነው፣ ማሳ ላይ በግጥም ከሆነ ግን ማንም ምንም አይላትም። እና አንድ እናት ብቻቸውን ስትቀዱ የሰልፉን አንድ ሴት ነው የቀዳችሁት፣ ከቻላችሁ አብረዋቸው ያረሙ ጎረቤቶች ፈልጋችሁ ሁለት ሶስት አርጋችሁ አስቀምጧቸው፣ አንዷ የረሳችውን ሌላዋ ታነሳዋለች፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ጭቅጭቁንም ቅዱት።

መቼ ትሄዳላችሁ

የጨረቃ ሙሉ ቀን አትሂዱ። እኔ ሄድኩ። "ፖያ" ይሉታል፣ በየወሩ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አገሩ በሙሉ እረፍት ነው፣ ስራ የለም ሁሉም ሰው ቤት ነው ብዬ በጣም ጥሩ ቀን መስሎኝ ስልኬን ቻርጅ አርጌ ጠዋት ሄድኩላችሁ። የጎረቤት አያት ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ቡድሃ ቤተመቅደስ ሊሄዱ ሲወጡ በር ላይ አገኘኋቸው፣ ካቪ ስል ፈገግ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በዛ ቀን ትልልቆቹ "ሲል" ይይዛሉ፣ ስምንት ትእዛዝ ነው፣ ከቀትር በኋላ አለመብላትና ከዘፈን ከጭፈራ መራቅ ውስጡ አለ። እኛ ጋ ስቅለት ቀን አንድ እናትን እስክስታ ውረዱልኝ እንደማለት ነው፣ አፈርኩ። መነኮሳቶቹን ደግሞ ጭራሽ ዘፈን አትጠይቋቸው፣ ለነሱ ሁሌም ክልክል ነው።

ጥሩው ጊዜ ከአዲስ አመታቸው በፊት ያለው ሳምንት ነው፣ ሚያዝያ አካባቢ፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 13 እና 14 ነው ሚውለው። የትልቁ ወቅት ሩዝ ገብቷል፣ ሰው ትንሽ ይተነፍሳል፣ "ኮሃ" ሚሏት ወፍ መጮህ ስትጀምር አዲስ አመት መጣ ይላሉ (ቀረፃችሁ ውስጥ መግባቷ አይቀርም፣ ተዋት፣ ወቅቱን ምትናገር እሷ ናት)። በበአሉ ሰአት ሴቶቹ "ራባን" ይመታሉ። ክብ ትልቅ ከበሮ ነው፣ አጭር እግር ላይ ተቀምጦ አራት አምስት ሴት ዙሪያውን ቁጭ ብላ በእጅ ትመታዋለች። ከስሩ የፍም ሸክላ ያስቀምጡበታል ቆዳው ሞቆ እንዲወጠር፣ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይዝላል፣ አንዷ ፍሙን በማራገቢያ እያራገበች ሌሎቹ ይመታሉ። ምቱን በቃላት ነው ሚይዙት፣ ሚስቅ አጭር አረፍተ ነገር ይሉና እጃቸው እሱኑ ይደግመዋል። ቃሉን ካልጠየቃችሁ ከበሮ ብቻ ነው ምትሰሙት፣ ስለዚህ ከመምታታቸው በፊት "በአፍ በሉልኝ" በሏቸው።

አገባብ

ባዶ እጅ አይገባም። "ቡላት" ሚባል ሚታኘክ ቅጠል አለ፣ እዛ ትልቅ ሰው ወይም አስተማሪ ጋ ስትሄዱ እስር አርጋችሁ በሁለት እጅ ነው ምትሰጡት፣ ገበያ ላይ ርካሽ ነው። እኔ ስኳርና ሻይ ቅጠል ጨምሬ ነው የያዝኩት። ሰላምታው "አዩቦዋን" ነው፣ እድሜ ይስጥልኝ ነው ትርጉሙ፣ መዳፍ ገጥማችሁ ነው ምትሉት። አሮጊቷን "አችቺ" ሽማግሌውን "ሲያ" በሉ፣ አያት ማለት ነው፣ በስም መጥራት ነውር ነው፣ ይሄን እንኳን ለኛ ሰው መንገር አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ቀን ስልክ አታውጡ። ቁጭ በሉ ብሉ። ከዛ ምን እንደምትፈልጉ፣ የት እንደምታስቀምጡት፣ ማን እንደሚሰማው በጓደኛችሁ አስተርጉማችሁ ንገሯቸውና እሺ ማለታቸውን እራሱን በድምፅ ቅዱት። ዩቱብ ላይ ይውጣ አይውጣ ለብቻው ጠይቁ። የኔዋ አችቺ አረሙን አውጪው ልጅ ማስተኛውን ግን ለቤተሰብ ብቻ ይሁን ነው ያሉት፣ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ከበሮ መቺ ቤተሰቦችና የአምልኮ ስርአት ሚመሩት ሰዎች ጋ ደግሞ ከስርአቱ ውጪ ማይባል አለ፣ አይባልም ካሏችሁ አይባልም፣ እንዳትለማመጡ።

ስልኩ

አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ቮይስ ሜሞ ገብታችሁ የድምፅ ጥራቱን ሎስለስ (ድምፁን ማያበላሸው) አርጉት። አንድሮይድ ከሆነ ዋቭ (WAV፣ ያልተጨፈለቀ ድምፅ) ሚቀዳ ነፃ አፕ አውርዱና 48 ኪሎኸርዝ 24 ቢት አርጉት፣ የድምፅ ቤተ መዛግብት ቢያንስ ሚመክሩት እሱን ነው፣ ስልኩ 24 ካልቻለ 16 ይሁን ችግር የለም። ሞኖ ይበቃል። አንድ ሰአት ወደ 520 ሜጋባይት ይወስዳል ስለዚህ ፎቶዎቻችሁን አስቀድማችሁ አራግፉ። ድምፅ አጥሪ ምናምን ሚል ምርጫ ካለ አጥፉት፣ ያ ነገር ለወሬ ነው የተሰራው፣ አያቶቹ መጨረሻው ላይ ሚስቡትን ቀጭን ድምፅ ጫጫታ መስሎት ይቆርጠዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀረፃዎቼ እንደዛ ሄዱ።

ፍላይት ሞድ። ከዛ ጣሪያው ላይ ያለውን ፋን አጥፉ፣ በሙቀቱ ትሞታላችሁ ግን አጥፉት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ ንዝረቱን ይይዛል፣ የታጠፈ ፎጣ ወይም ትራስ ላይ፣ ከአፍ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አርጋችሁ ወደ ጎን አርጉት። ለራባን ግን ሶስት ሜትር ራቁ አለበለዚያ ምቱ ይፈነዳል። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ዳቦ ሚሸጥ ባጃጅ ይዞራል፣ "ቹን ፓን" ይሉታል፣ የቤትሆቨንን ያቺን የታወቀች የፒያኖ ዜማ በጡሩምባ እያሰማ ነው ሚመጣው፣ እያንዳንዱ ቀረፃዬ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቤትሆቨን አለ። ሰአቱን አጥኑት።

እጁ ላይ ስራ

ይሄ ነው ዋናው ነገር። አችቺን ወንበር ላይ አስቀምጬ ስጠይቃቸው ሁለት ቤት ብለው "ረሳሁት ልጄ እርጅና ነው" አሉ። በማግስቱ ሰፌድ ላይ ሩዝ እያበጠሩ ነበር፣ ስልኩን ከፍቼ ጎናቸው ትራሱ ላይ አስቀምጬ ዝም አልኩ፣ አብሬ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። ሩብ ሰአት ገደማ ምንም የለም፣ ሽ ሽ ሽ ሚለው የሩዙ ድምፅ ብቻ። ከዛ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፣ መጀመሪያ ቃል የለውም "ታና ናኔ ታናኔ" ነው ሚሉት፣ ቀጥሎ ቃሉ መጣ፣ ሰፌዱ ወደ ላይ ሲወረወር መስመሩ ይጀምራል ሩዙ ተመልሶ ሲወድቅ ትንፋሽ ይወስዳሉ። አስራ አንድ ቤት ቆጠርኩ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ሚረሳው ጭንቅላት ነው፣ ክንዳቸው ምንም አልረሳም።

ስለዚህ ምን ይሰሩ እንደነበር ጠይቃችሁ ያንኑ ወይም ሚመስለውን ስጧቸው። አረም ከሆነ የጓሮ አረም ይበቃል። ሙቀጫና ዘነዘና ካለ ይውቀጡ፣ ግን ሲወቀጥ ድምፁ ከዘፈኑ ስለሚበልጥ ስልኩን ከሙቀጫው አርቃችሁ ወደ አፍ አስጠጉት። ለልጅ ማስተኛው የእውነት ልጅ ያስፈልጋል፣ አሻንጉሊት ሞክሬ አችቺ ሳቁብኝ። የጎረቤት ህፃን ተውሰን አመጣን፣ ህፃኑ ሶስተኛው ቤት ላይ ተኛ ዘፈኑም እዛው ቆመ፣ ስራውን ጨርሷላ፣ ቀሪውን ቤት በኋላ በወሬ ነው ያገኘነው።

እና ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ቅዱ። አንዴ ከስራው ጋር፣ ድምፁ ቢቆሽሽም። አንዴ ደግሞ ስራው አልቆ ሻይ ሲጠጡ ቃሉን ቀስ ብለው እንዲሉላችሁ፣ ይሄኛው ለመፃፍ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ የቆሸሸውን ነው ምመርጠው። መሀል ላይ "ይቅርታ ይድገሙልኝ" እያላችሁ አታቋርጡ፣ ቀረፃውን በየዘፈኑ አታጥፉ አታብሩም፣ ይሂድ።

ከዛ በኋላ

እዛው ቀን፣ ነገ ሳትሉ፣ ከማን ነው የለመዱት፣ ስንት አመታቸው ነበር፣ የት መንደር፣ ምን ስራ ላይ፣ ወንድም ይለዋል ወይስ ሴት ብቻ፣ ማይገባ ቃል ካለ ምን ማለት ነው፣ ይሄን ጠይቁና መልሱንም በድምፅ ቅዱ። መፃፉን ቤት ውስጥ ላለ ተማሪ ስጡት፣ በሲንሃላ ፊደል ይፃፈው፣ እናንተ በግእዝ ፊደል ብትፅፉት ለራሳችሁ ነው ሚጠቅመው። ብዙዎቹ አራት መስመር ናቸው "ሲፓዳ" ይባላል፣ አራቱም መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ይመታሉ፣ ስለዚህ ተማሪው አንድ ቃል ካልሰማ በቤቱ ማግኘት ይችላል። ግን አያትየው ያሉት ቃል መፅሐፍ ላይ ካለው ቢለይ አታርሙት እንዳለ ይፃፍ። "ታና ናኔውም" ይፃፍ፣ ልጆቹ ትርጉም የለውም ብለው ይዘሉታል።

ቃል ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን በነሱ አገር ታይቷል። ሂዩ ኔቪል ሚባል የእንግሊዝ ባለስልጣን በ1800ዎቹ መጨረሻ ከ2000 በላይ የፅሁፍ ቅጂ፣ አብዛኛው የዘንባባ ቅጠል ላይ የተፃፈ፣ ሰብስቦ አሁን ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው፣ የግጥሞቹ ዝርዝር በ1954 እና 55 በሶስት ቅፅ ታትሟል። ትልቅ ስራ ነው ግን ቅጠል አይዘፍንም፣ አንዲት ሴት ሶስተኛው መስመር ላይ የት ጋ እንደምትስበው የለበትም።

ዜማው ላይ ደግሞ የነሱ ሰዎች ብዙ ተከራክረዋል። ዴቫር ሱሪያ ሴና ለንደን ሙዚቃ ተምሮ መጥቶ የገጠሩን ዘፈን ከተማ መድረክ ላይ አወጣው፣ ያኔ የከተማው ሰው ይንቀው ነበር። በ1952 ራታንጃንካር ሚባል የህንድ ሊቅ ሬድዮ ሲሎን (ሲሎን የስሪላንካ የድሮ ስሟ ነው) ዘፋኞችን ሊፈትን ሲመጣ እሱ ራሱ የናንተ ሙዚቃ ከጃና ጊ ይነሳ ብሎ መከራቸው፣ ዘፋኙ ሱኒል ሳንታ ደግሞ በህንድ ሊቅ አልፈተንም ብሎ ቀረ። ዘፋኙ አማራዴቫ በሬድዮ የገጠሩን ዜማ ከህንዱ ጋር አዋህዶ አገሩን ሁሉ አስለቀሰ፣ ማኩሎሉዋ ግን መንደር ለመንደር ዞሮ ሰብስቦ የራሳችን ብቻ ይበቃናል ባይ ነበር። እኔ ማንም ትክክል ነው አልልም፣ አማራዴቫን ስሰማ ያምረኛል። ምለው እናንተ ስትቀዱ ሃርሞኒየም፣ ኪቦርድ፣ ኢኮ፣ ኦቶቲዩን እንዳትጨምሩበት ነው። የአያቶቹ ድምፅ በፒያኖ ቁልፎች መሀል ሚያርፍበት ቦታ አለ፣ ማሽኑ ስህተት መስሎት ያስተካክለዋል፣ ተስተካከለ ማለት ጠፋ ማለት ነው። ማቀናበር ሚፈልግ ከኮፒው ላይ ያቀናብር፣ ዋናው አይነካ።

ማስቀመጥ

የፋይሉን ስም "ሪኮርዲንግ 14" ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ቀን፣ መንደር፣ የዘፈኑ አይነት፣ ቁጥር፣ በዚ ቅደም ተከተል። ሶስት ኮፒ አርጉ፣ አንዱ ስልክ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ወይም ሀርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይ ክላውድ ላይ። በዋትስአፕ እንደ ድምፅ መልእክት አትላኩት ጨፍልቆ ነው ሚልከው፣ እንደ ዶክመንት ላኩት፣ ቴሌግራምም ላይ ፋይል አርጋችሁ። ቤተሰቡ ከፈቀደ ኮሎምቦ ያለው የእይታና ትወና ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ወይም ብሄራዊ ቤተ መዛግብቱ ጋ ኮፒ ለመስጠት ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ለሽያጭ ግን አታስቡት፣ በ2003 የወጣው ቁጥር 36 የአእምሯዊ ንብረት ህጋቸው የህዝብ ጥበብን ይጠብቃል፣ ለንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አሁን ኩዌትም ዱባይም ሆናችሁ ጓደኛችሁን ለመርዳት ምትፈልጉ፣ የቪድዮ ኮል ላይ አትቅዱ። የጥሪ ድምፅ ከሁሉም የባሰ ነው። እዛ ያለችውን ልጇን ወይ የወንድሟን ልጅ በኮል አሰልጥኗት፣ ስልኳ ላይ አፑን ታውርድ፣ ትራሱን ታስቀምጥ፣ እናንተ ጠይቁ እሷ ጋ ያለው ስልክ ይቅዳ፣ ማታ ፋይሉን ትላክላችሁ። የጓደኛዬ ልጅ አስራ አራት አመቷ ነው፣ አሁን በቀረፃ ከኔ ትበልጣለች፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ የላከችልኝ ላይ አያቷ የያሶዳራን ሙሾ ይላሉ። ያሶዳራ የቡድሃ ሚስት ናት፣ ባሏ ልጇን እንደወለደች ሌሊት ጥሏት ወደ ጫካ የሄደባት፣ ድሮ ለቅሶ ቤት ያነቡት ነበር። እኔ ለሶስት ሳምንት ለቅሶ ነገር ለመጠየቅ አፍሬ ቀረሁ፣ የልጅ ልጅየው ግን ዝም ብላ ጠየቀቻቸው አሏት።

የመጨረሻው ስራ መልሶ ማሰማት ነው፣ ከመሄዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ሲቀር። እኔ ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰብስበን በትንሽዬ ስፒከር አሰማኋቸው። አችቺ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ሳቁ፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን አስቆሙኝ፣ ሁለት ቤት አቀያይሬዋለሁ አሉና ሰፌዳቸውን አስመጥተው አስተካከሉት፣ እሱን ቀዳሁ። ይሄኔ እስካሁን በር ላይ ቆመው ዝም ያሉ አንድ የጎረቤት ሴትዮ "እኛ መንደር እንደዚ አንለውም" አሉና ጀመሩ፣ ሌላ ዜማ፣ ሌላ ቃል፣ ረጅም፣ ሰው ሁሉ ፀጥ አለ፣ ስልኬን ሳየው ስፒከሩ ባትሪውን ጨርሶታል። ሴትዮዋ በማግስቱ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነበር። ፓወር ባንክ ያዙ፣ ሁለት።